የሻከረ ደኳ

ግንቦት 19፣ ሰኞ

ዛሬ ደኳው፣ የለውዝ ቅቤያችን፣ ልክ አልነበረም።

ጠዋት ልጆቹ ከመግባታቸው በፊት እንደ ልማዴ ከአዲሱ ባልዲ አንድ ማንኪያ አውጥቼ ዳቦዬን ልቀባ ስል አልቀባ አለኝ። ቢላዋው እየጎተተ ዳቦውን ቀደደው። ስቀምሰው ደግሞ ከጥርሴ ሥር ቅጭ አለ። ደኳ እንዲህ አይደለም። ደኳ ከቢላዋው ላይ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ምላስ ላይ ሲያርፍ ለውዙ ሳይታኘክ ይሟሟል፣ ጨውና ሚጥሚጣው ብቻ ይቀራል። ይሄ ጭቃ ነው። ደረቅ ጭቃ።

እኔ ካላወቅኩ ማን ያውቃል? ፀዳለን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ለውዙ በዝግታ ይቆላል፣ ገለባው ይራገፋል፣ ትንሽ ሰሊጥ ይገባበታል፣ ሁለት ጊዜ ይፈጫል። ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ውስጥ ሱቁን ስንከፍት አብረን ነበርን። ትምህርት ቤቱ የወጥ ቤት ኃላፊ አድርጎ ሲቀጥረኝ ሱቁን ለእሷ ተውኩላት። ትምህርት ቤቱም ደኳውን ከእሷ እንዲወስድ ያደረግኩት እኔው ነኝ። መቶ አርባ ልጆች በየጠዋቱ ሻይ በወተትና ዳቦ በደኳ ይበላሉ።

ማማ ፖኒን አስቀመስኳት። ማማ ፖኒ አብራኝ የምትሠራ የባሪ ብሔረሰብ ሴት ናት፣ እዚሁ ጁባ ካቶር ሰፈር ተወልዳ እዚሁ ያረጀች። በጣቷ ነክታ ቀመሰችና ወፍጮው ይሆናል አለች። ይሆናል። ድንጋዩ ዶልዱሞ ይሆናል።

አበላናቸው።

ግንቦት 20፣ ማክሰኞ

ፀዳለን ነገርኳት። የምኖረው እሷ ግቢ ውስጥ ነው፣ ከኋላ ባለችው ክፍል፣ ያለ ኪራይ። ስለዚህ እሷን ለማግኘት በሬን መክፈት ይበቃኛል። ልብስ እያሰጣች ነበር።

"ደኳሽ ሻከረብኝ" አልኳት።

"ጥርስሽን ታከሚ" ብላ ሳቀች። ከዚያ ደግሞ፣ "አርባ ዓመት ሲያልፍ ጥርስም ይደክማል፣ ልብም ይደክማል።"

ልብ የሚለውን ለምን አስገባችው? ግዛው በረንዳዋ ላይ ተቀምጦ ስልኩን ይነካካ ነበር። ቀና አላለም።

ግዛው ሾፌር ነው፣ ከኒሙሌ ድንበር ጁባ ጭነት ያመላልሳል። ሁለት ዓመት ሙሉ ከመንገድ በተመለሰ ቁጥር እኔ በር ላይ ይቀመጥ ነበር። ከጥር ወዲህ ፀዳለ በረንዳ ላይ ይቀመጣል። ዝናቡ ሲያበቃ ይጋባሉ። እኔን አይመለከተኝም። ስሙን የጻፍኩት እዚያ ስለነበረ ብቻ ነው።

ግንቦት 26፣ ሰኞ

ሌላ ባልዲ። የባሰ። ላዩ ላይ ዘይት ተንሳፍፏል፣ ሥሩ ድንጋይ ሆኗል። የለውዙ የራሱ ዘይት አይደለም። እንዲለሰልስላት የምግብ ዘይት አፍስሳበታለች። ሽታው ዝናብ የገባበት ቁም ሣጥን ነው። ሚጥሚጣውም በዝቷል፣ ሚጥሚጣ እንዲህ የሚበዛው የሆነ ነገር ለመሸፈን ነው።

ማማ ፖኒ ክዳኑን ከፍታ አሸተተችና "ፉል ዴ ጋዲም" አለች። ለውዙ የቆየ ነው ማለቷ ነው።

"እናወራበታለን ማማ" አልኳት። ደወሉ ጮኸ፣ ልጆቹ ገቡ፣ ተቻኮልን።

ሰኔ 1፣ ቅዳሜ

ዛሬ ኮንዮ ኮንዮ ሄድኩ። የቦዳ ሞተር የሚነዳው ልጅ ጭቃውን ፈርቶ መግቢያው ላይ ጥሎኝ ሄደ፣ በእግሬ ገባሁ። ፀዳለ ከሱቁ ፊት ከደንበኛ ጋር ነበረች። በኋላ በር ገባሁ። ያንን ክፍል አውቀዋለሁ፣ መደርደሪያውን ያቆምኩት በገዛ እጄ ነው።

ጆንያዎቹ መሬት ላይ ናቸው። ሥራቸው ጠቁሯል። አንዱን ፈትቼ እጄን እስከ ክርኔ ከተትኩት። ውስጡ ይሞቃል። ለውዝ እንዲህ አይሞቅም። አንድ እፍኝ አውጥቼ በብርሃን ሳየው አረንጓዴም ግራጫም የሆነ ዱቄት ለብሷል። በጣቴ ስፈትገው ብን አለ።

"ማን ግቢ አለሽ?" ፀዳለ ከኋላዬ ቆማለች።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ለውዝ።"

"ሻግቷል ፀዳለ።"

"የግዛውን መኪና አራት ቀን ጭቃ ይዞት ነው። ሸራው ተቀዶ ዝናብ ገባበት። ምን ላድርገው፣ ልድፋው? መጥፎ መጥፎውን እየለቀምኩ ነው። የቀረውን እሳቱ ያጠፋዋል።"

"ልጆች ናቸው የሚበሉት።"

"ልጆቹ ናቸው ያሳሰቡሽ?" ቀረብ አለችኝ። "አንቺ ለውዙን አይደለም የምታዪው። ያመጣውን ሰው ነው። ሌላ ሾፌር ቢያመጣው ኖሮ ቀምሰሽ ዝም ትዪ ነበር።"

"እኔ ስለ ግዛው አንድ ቃል ተነፈስኩ?"

"ከጥር ጀምሮ ያልተነፈስሽውን ነው የምሰማው። ሂጂ፣ ለዳይሬክተርሽ ለስምኦን ንገሪው። ስትነግሪው ግን ማታ የት እንደምታድሪም አብረሽ አስቢበት።"

እኔም አንድ ነገር ተናገርኳት። እዚህ አልጽፈውም። ጎረቤት ያለው ጨው ሻጭ አማርኛ አይሰማም፣ ፊቷን አይቶ ግን ከመቀመጫው ተነሳ።

ከአገር ቤት አብረን ነው የመጣነው። ዘጠኝ ዓመት። የመጀመሪያው ክረምት አንድ ፍራሽ ላይ ተኝተን፣ ወባ ሲይዘኝ በእርጥብ ፎጣ ስትጠርገኝ ያደረች ሴት ናት። አሁን የት እንደምታድሪ አስቢበት ትለኛለች።

ሰኔ 3፣ ሰኞ

ዳቦዬን በሻይ ብቻ በላሁ። ሆዴ ልክ ስላልነበረ ነው።

ማማ ፖኒን ላዩን ገፍፋ እንድትጥለው አዘዝኳት። አንድ ጣት ያህል ገፈፈች። የቀረው ደህና ይመስላል። ልጆቹ ምንም አላሉም። ልጆች ካልወደዱት ይተፉታል፣ ይህን አውቃለሁ።

ስምኦን ዳይሬክተራችን ነው። ጋምቤላ ተወልዶ አዲስ አበባ የተማረ፣ አገሩ ደቡብ ሱዳን ነፃ ስትወጣ የተመለሰ። አማርኛው ከብዙዎቻችን ይሻላል፣ ሰውም ያዳምጣል። ዛሬ በቢሮው በር ሁለት ጊዜ አለፍኩ። አንዴ ስልክ እያናገረ ነበር። ሁለተኛው ጊዜ ብቻውን ተቀምጦ ነበር።

ሰኔ 6፣ ሐሙስ

ዳቦ በሻይ። ነገ እነግረዋለሁ።

ሰኔ 7፣ ዓርብ

ዝናብ። ስምኦን ለስብሰባ ወጥቷል አሉኝ። ቶሎ አመንኩ።

ሰኔ 9፣ እሑድ

ከአምልኮ በኋላ ውኃው ጋ እጄን ስታጠብ ከግድግዳው ወዲያ ሁለት ሴቶች ያወራሉ። አንዷን በድምጿ አወቅኳት፣ የጸሎት ቡድናችን መንበረ ናት።

"ምስኪን ሒሩት፣ አልወጣላትም።"

"የፀዳለን ደኳ ሳይቀር ሻገተ እያለች ነው አሉ።"

"ሰውየው ደኳ ሆነ እንዴ!"

ሳቁ። የቧንቧውን ውኃ ሳልዘጋው ሄድኩ።

ፀዳለ ቀድማኛለች። እኔ ለማንም ሳልነግር እሷ ለሁሉም ነግራለች። ነጭ ለብሳ መድረኩ ላይ ከዘማሪዎቹ ፊት ቆማ እጇን ዘርግታ ስትዘምር አየኋት። እኔ ደግሞ ከኋላ ተቀምጬ እንደ ቅናተኛ ሴት ታየሁ። አሁን ስምኦን ጋ ብሄድ የሚሉት ይታወቃል። ስለዚህ ሁሉም በዓይኑ እስኪያየው መጠበቄ ትክክል ነው። ሰው ሊክደው የማይችለው ነገር መሆን አለበት።

ደግሜ ሳስበው ትክክል ነው።

ሰኔ 10፣ ሰኞ

ማማ ፖኒ፣ "አንቺ ለምን ደኳ ተውሽ?" አለችኝ።

"ሆዴን ያመኛል።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

ማሰሮውን ጠራርጊ አልኳት። ማሰሮው ንጹህ ነበር።

ሰኔ 13፣ ሐሙስ

ሦስት ልጆች አስመለሳቸው። ሁለቱ ከመዋዕለ ሕፃናቱ፣ አንዱ ከአንደኛ ክፍል። ስምኦን ወጥ ቤት ድረስ መጣ።

"ማንጎ ነው መሰለኝ፣ መንገድ ላይ የወደቀውን ሳያጥቡ ይበላሉ" አለ።

"ይሆናል" አልኩት።

አንዲት ቃል ናት። ማማ ፖኒ ጀርባዋን ሰጥታን ኩባያ ታጥብ ነበር። እጇ ቆመ፣ ከዚያ መልሳ ማጠብ ጀመረች።

ሰኔ 18፣ ማክሰኞ

በአጭሩ።

ጀንነት። አምስት ዓመቷ ነው። እናቷ ጣሂራ ኮንዮ ኮንዮ መግቢያ ላይ ጨርቅ ትሸጣለች፣ ከሐረር የመጣች ናት፣ ቤታቸው ከትምህርት ቤቱ አጥር ጋር ይያያዛል። ጀንነት ደኳ ትወዳለች። "ሒሩቲ ጨምሪልኝ" ትላለች፣ በየቀኑ። በየቀኑም እጨምርላታለሁ።

ዛሬ ዳቦዋን ሳትነካ አግዳሚው ላይ ተጋደመች። ከዚያ አስመለሳት፣ ደጋግሞ። ቀና ሳደርጋት የዓይኗ ነጭ ቢጫ ሆኗል። ጠዋት ስትገባ አላየሁትም? አላየሁትም። ታቅፌያት እስከ አስፋልቱ ሮጥኩ። አንድ የቦዳ ልጅ ሳይከራከር ሆስፒታል አደረሰን። መንገዱን ሁሉ አንገቴ ላይ ትተነፍስ ነበር፣ ትኩስ ትንፋሽ፣ የሚጥሚጣ ሽታ ያለው።

ተኝታለች። ጉሉኮስ ሰክተውላታል።

ሰኔ 19፣ ረቡዕ

ሐኪሙ ወጣት ነው። በእንግሊዝኛ ለእኔ፣ እኔ በአማርኛ ለጣሂራ። ምን በላች? እቤት ሩዝና ወተት። ትምህርት ቤትስ?

"ዳቦ በደኳ" አልኩት።

እስክሪብቶውን አቆመ። በዝናብ ወቅት ሻጋታ የገባበት ለውዝ ጉበት ይጎዳል አለ። እርግጠኛ ለመሆን ካለው ላይ አምጡልኝ፣ ለሌሎቹ ልጆችም ዛሬውኑ አቁሙ። ከዚያ ጠየቀኝ፦ የደኳው መልክ ወይም ጣዕም ተለውጦ ነበር? ከመቼ ጀምሮ?

ጣሂራ የልጇን እግር ይዛ ቆማለች። ጥያቄውን አልተረጎምኩላትም።

"ከትናንት በስቲያ" አልኩት። "ሰኞ ነው ያስተዋልኩት።"

ጻፈው።

ሰኔ 20፣ ሐሙስ

ስምኦን ባልዲዎቹን አሽጎ ለምርመራ አስላከ። ፀዳለ ከእንግዲህ አታመጣም። እኔን በጽሑፍ እንዳስረዳ ጠየቀኝ። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ ሰኔ 17 ቀን የደኳው ልስላሴ መለወጡን አስተዋልኩ፣ ለማጣራት በዝግጅት ላይ ሳለሁ በማግስቱ ሕፃን ጀንነት ታመመች። ፈረምኩ።

ስምኦን ሁለት ጊዜ አነበበውና፣ "አንቺ ባትኖሪ ኖሮ ስንቱ ይታመም ነበር። ጌታ ይባርክሽ እህቴ" አለኝ።

አሜን አልኩ። አሜን ማለቴ ነው እስካሁን የሚያስደነግጠኝ።

ሰኔ 23፣ እሑድ

መጋቢው ዛሬ በስሜ አመሰገነኝ። መንበረ መጥታ አቀፈችኝ። "እኛ እኮ ተሳስተን..." ብላ ጀመረች፣ አልጨረሰችውም። አላስጨረስኳትም።

ፀዳለ አልመጣችም። ዓርብ ወላጆች ተሰብስበው ሱቋ ሄደው ባልዲዎቹን መንገድ ላይ ደፍተውባታል፣ መደርደሪያውን ሰብረውባታል። ግዛው መኪናውን አስነስቶ ወደ ኡጋንዳ ተሻግሯል፣ ስልኩ አይሠራም። ደስ አለኝ። ይቅር ይበለኝ፣ ግን ደስ አለኝ። መደርደሪያው ተሰበረ ሲሉኝ እንኳን ደስ አለኝ፣ እኔ ያቆምኩት መደርደሪያ።

ስምኦን ጋ ሄዳ ሒሩት ጆንያዎቹን አይታለች፣ ሰኔ መግቢያ ላይ አይታለች ብላ ጮኻ ነበር። ማንም አላመናትም። ክፋት ነው አሏት፣ ስትሰምጥ ሰው ይዛ ልትሰምጥ ነው አሏት።

ከሰዓት በሬን አንኳኳች። ፀጉሯን አልተሠራችም።

"እጅሽን እስከ ክርንሽ ከተሽ አይተሻል" አለችኝ።

"የሸጥሽው አንቺ ነሽ።"

"አዎ፣ የሸጥኩት እኔ ነኝ። አልካድኩም። ሰው ፊት ቆሜ ሻግቶ ነበር ብያለሁ። አንቺ ምን ብለሻል?"

"ምን ልል ነው?"

"እኔ ሸጥኩ። በየጠዋቱ ዳቦው ላይ የቀባው ግን የማን እጅ ነው?" ድምጿን አልጨመረችም፣ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። "በሁለት ሳምንት ውስጥ ክፍሌን ልቀቂልኝ። ዕቃሽን አላስወጣብሽም፣ ራስሽ ታወጪዋለሽ።"

ሰኔ 26፣ ረቡዕ

ውጤቱ መጣ። ሻጋታ ነው። ስምኦን ማማ ፖኒን አስጠራት፣ እኔም ነበርኩ።

"በየቀኑ ክዳኑን የምትከፍቺው አንቺ ነሽ። ሽታውን አላሸተትኩም ልትዪኝ ነው?" አላት በአረብኛ።

"አሸትቻለሁ። ለሒሩት ነግሬያታለሁ።"

ስምኦን ወደ እኔ ዞረ። ጊዜ ነበረኝ። ሰው እስኪተነፍስ የሚሆን ጊዜ ነበረኝ።

"አልሰማኋት ይሆናል፣ ልጆቹ ሲገቡ ጫጫታ አለ" አልኩ።

ስምኦን ከሥራ አሰናበታት፣ ማማ ፖኒም ሽርጧን ፈታች። በአራት አጠፈችው፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፣ በመዳፏ ደልደል አደረገችው። አራት የልጅ ልጆች ታሳድጋለች፣ አባትና እናታቸው በጦርነቱ ሞተዋል። ሁለቱ እዚሁ ይማራሉ፣ በእሷ ሥራ ምክንያት። እነሱም ያንን ደኳ በልተዋል።

በር ላይ ስታልፈኝ፣ "ኢታ አሩፉ" አለችኝ። ታውቂያለሽ ማለት ነው። ለእኔ ብቻ የሚሰማ ነበር።

ሰኔ 28፣ ዓርብ

ጀንነት ዛሬ ከሆስፒታል ወጣች። አልሐምዱሊላህ እያለች ጣሂራ እየሳቀች ታለቅሳለች። ቅባት አትብላ ተብላለች፣ በየወሩ ለምርመራ ደም ትሰጣለች፣ ጉበቷ ሙሉ በሙሉ ይመለስ እንደሆን ገና አይታወቅም።

ጣሂራ ትምህርት ቤት መጥታ አንድ ጣቃ ጨርቅ ሰጠችኝ፣ አረንጓዴ፣ ከሚያምረው። "ልጄን አንገትሽ ላይ አድርገሽ ለሮጥሽው። ስፊና ልበሺው፣ ለብሰሽ ልይሽ" አለች።

አልጋዬ ሥር ከተትኩት። ማየት አልቻልኩም።

ሐምሌ 2፣ ማክሰኞ

ወጥ ቤቱ ውስጥ አዲስ ሴት አለች፣ ስሟን ሁለት ጊዜ ነግራኝ ረሳሁት። ዳቦ በእንቁላል እንሰጣለን። ዛሬ የማማ ፖኒ ትንሹ የልጅ ልጅ በመስኮት አንገቱን አስገብቶ አየኝ። ከትምህርት ቤት ቀርቷል። ሮጦ ሄደ።

ሥራ ጨርሼ ይህን ደብተር ከመጀመሪያው አነበብኩት። ከመጀመሪያው ሻካራ ባልዲ ጀንነት እስክትታመም ሃያ ዘጠኝ ቀን ነው። ከቅዳሜና እሑድ ውጭ ቆጠርኩት፣ ከዚያ መቁጠሩን ተውኩት።

ሆዴን አላመመኝም ነበር። አንድም ቀን።

ክፍሉን ላለማጣት ነው ብዬ ልጽፍ ነበር፣ እሱም እውነት ነው። ሰው ቅናተኛ እንዳይለኝ ነው ብዬ ጽፌያለሁ፣ እሱም እውነት ነው። ግን ሌላ አለ። ደኳው በየቀኑ ሲብስ ደስ ይለኝ ነበር። ክዳኑን ስከፍት፣ ዛሬ ትንሽ ይባስ፣ ነገ ደግሞ ይባስ፣ ማንም ሊክደው እስከማይችል ድረስ ይባስ እል ነበር። በእሷና በእሱ ላይ እንዲፈርድባቸው። እንዲብስ እየጠበቅኩ ነበር፣ ልጆቹ ደግሞ ይበሉ ነበር።

ግዛው ሁለት ዓመት በሬ ላይ ተቀምጦ አንድም ቀን አግቢኝ አላለኝም። እኔ ነበርኩ ቀኑን የምቆጥረው።

ሐምሌ 4፣ ሐሙስ

ስምኦን ቢሮ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። "የጻፍኩት ወረቀት ውሸት ነው" አልኩት። "ጣሂራንም አስጠራት፣ ሁለት ጊዜ መናገር አልችልም።"

ጣሂራ እስክትመጣ ሃያ ደቂቃ ያህል ፈጀ። ስትመጣ ቁጭ በይ አላት፣ አልተቀመጠችም፣ ልጄ ባሰባት ብላ ነው የመጣችው።

ሁሉንም ነገርኳቸው። የመጀመሪያውን ጠዋት፣ ጆንያውን፣ ማማ ፖኒ ያለችኝን፣ ሐኪሙ የጠየቀኝንና ያልተረጎምኩላትን።

ስምኦን ወረቀቱን ከመሳቢያው አውጥቶ ፊቴ አስቀመጠው። "እኔ ባርኬሻለሁ በዚህ ወረቀት" አለ። "አንዲት በዕድሜ የገፋች ሴት በዚህ ወረቀት አባርሬያለሁ።"

ጣሂራ ወደ እኔ ዞረች። ስትጠይቀኝ ድምጿ የገበያ ድምፅ ነበር፣ ዋጋ እንደምትጠይቅ።

"አንቺስ ትበዪው ነበር?"

"መጀመሪያ ሰሞን።"

"ከዚያስ?"

"ተውኩት።"

"ጀንነት ጨምሪልኝ ስትልሽስ?"

"እጨምርላት ነበር።"

ትመታኛለች ብዬ ነበር። አልመታችኝም። ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት እጇን አነሳች። "እንዳትዪው። ወላሂ፣ ከአፍሽ እንዳትወጣ። ዛሬ ይቅር ብልሽ ነገ ቀላል ይሆንልሻል።" ወጣች። ጨርቁን ከቦርሳዬ አውጥቼ ተከተልኳት፣ አልተቀበለችኝም፣ ዞራም አላየችኝም። አጥሩ ላይ ሰቅዬው ተመለስኩ።

ስምኦን ከሥራ አሰናብቶኛል። ማማ ፖኒ ሰኞ ትመለሳለች፣ ልጆቹም ነገ ክፍል ይገባሉ። ቤቷ ሄጄ ልነግራት ፈለግኩ። "አትሂጂ" አለኝ፣ "እኔ ነኝ ያባረርኳት፣ የምጠራትም እኔ ነኝ። አንቺ የሚጠብቅሽ ሌላ ነው። ቅዳሜ ወላጆች ይሰበሰባሉ። እንደ አዲስ ጽፈሽ ራስሽ ታነቢዋለሽ። እኔ እተረጉማለሁ።"

ሐምሌ 5፣ ዓርብ

ሸሪካት ሰፈር፣ ከድልድዩ ማዶ አንድ ክፍል ተገኘልኝ። ቆርቆሮ ነው፣ መሬቱ አፈር። ፍራሼንና ሁለት ሻንጣዬን በሦስት እግር ባጃጅ ጫንኩ። ፀዳለ በረንዳዋ ላይ ቆማ አየችኝ፣ አላገዘችኝም፣ አልገባችምም። ልክ ልንቀሳቀስ ስንል፣ "ነገርሽው አሉ" አለችኝ።

"ነገርኩት።"

"ዘገየሽ" ብላ በሩን ዘጋችው።

ሐምሌ 6፣ ቅዳሜ

ስብሰባው አዳራሹ ውስጥ ነበር። መቶ የሚሆን ሰው። ልጅ ያዘሉ እናቶች፣ ግድግዳ የተደገፉ አባቶች። ማማ ፖኒ ሽርጥ ሳትለብስ፣ በሰንበት ልብሷ፣ ከመጀመሪያው ረድፍ። ጣሂራ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ፣ ጀንነት ጉልበቷ ላይ።

ማንበብ ስጀምር ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድብ ነበር። አንድ አረፍተ ነገር አነባለሁ፣ ስምኦን ይተረጉማል። ጆንያው ጋ ስደርስ ከመሃል አንድ ሰው በአረብኛ ተሳደበ፣ ስምኦን ዝም አላሰኘውም። ማማ ፖኒ ሽታውን ነግራኝ ነበር፣ አልሰማሁም ያልኩት ውሸት ነው ስል ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። እሷ ወደ ማንም አልዞረችም። ወደ ታች፣ ወደ እጆቿ ታይ ነበር።

"እኔ መብላቱን አቆምኩ፣ ለልጆቹ መስጠቱን ግን አላቆምኩም" ብዬ አነበብኩ።

"አልሰማሁም" አለች ጣሂራ ከበሩ። "ድገሚው።"

ዝናቡ አቁሞ ነበር።

ደገምኩት።